ባዶ መርፌ የወጋሁበት ግንቦት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ላይ ጮህሁ። ጩኸት የማውቅ ሰው አይደለሁም። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት ድምፅ ከፍ የሚለው ለዜማ ብቻ ነበር። ልጅቷ ለእንግዶች የምታሳየውን ስታዘጋጅ፣ ሳይሳካ የቀረ ሙከራ ያለበትን ቦታ አምና በተሳካ ሙከራ ፎቶ ሸፍናዋለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ለማሳያ ያህል እኮ ነው» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ፣ አንዳች ክፋት ሳይኖርባት። ከዚያ ወዲያ የተናገርሁትን ሁሉ አላስታውሰውም። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን ሰምተውኛል፤ ስወጣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቁጣው የእሷ እንዳልነበር፣ እሷ ገና ተማሪ ሳለች የተጠራቀመ እንደሆነ ነገርኋት። የማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ግን በአጭሩ የሚነገር አልሆነልኝም። እዚህ ልጻፈው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከወረታ ወጥቼ፣ ተምሬ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ። የምንሠራው በዓይን የማይታይ ዕቃ ነው፤ ከፕሮቲን የተበጀ ቅርፊት። አንዳንድ ባክቴሪያዎች እንዲህ ያለ ድብልብል ቅርፊት በሰውነታቸው ውስጥ ይሠራሉ። ስልሳ ቁራጮች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ራሳቸው ተፈላልገው ይገጣጠሙና ውስጡ ክፍት የሆነ ኳስ ይሆናሉ። ገጣሚ የላቸውም፣ ማጣበቂያም የላቸውም። መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ፎቶ ተነሥቶ ያየሁት ዕለት ምሳ መብላት ረስቼ ነበር።

የእኛ ሥራ የውጩን ቅርፊት እንዳለ ትቶ የውስጡን ጭነት እንደ አስፈላጊነቱ መቀያየር ነበር። ዛሬ የከብት መድኃኒት፣ ነገ የበግ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። ጭነቱ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር እንዲያያዝ ጫፉ ላይ አጭር ጅራት እንቀጥልለታለን። ጅራቱ ካለ ጭነቱ ይገባል፤ ከሌለ ቅርፊቱ ባዶውን ይዘጋል። ያንን ጅራት የነደፍሁት እኔ ነኝ። ስምንት ጊዜ ነድፌ ስምንት ጊዜ አልያዘም፤ በዘጠነኛው ያዘ።

የመጀመሪያው ጭነታችን የአፍተግር ቫይረስ ቁራጭ ነበር፤ የከብቱን አፍና ኮቴ የሚያቆስለው በሽታ። ቁራጩ ሕይወት የለውም፣ አያሳምምም፤ የከብቱ ሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ እንዲለየው ብቻ ያደርጋል። ቅርፊቱ ደግሞ ሙቀት ይችላል። ስለዚህ ክትባቱ በረዶ ሳያስፈልገው ማቀዝቀዣ የሌለበት ቀበሌ ሁሉ ይደርሳል ብለን ነበር ያሰብነው። ፎገራ ላይ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ክትባቱ መንገድ ላይ ሞቆ ተበላሸ እየተባለ ከብቱን ነድቶ የመጣ ገበሬ እንዲሁ ሲመለስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የሥራው ኃላፊ አንድ ዶክተር ነበር። ስሙን አልጽፍም። ያኔ እርስዎ እለው ነበር፤ አሁን እሱ ማለቴ ተሳስቼ አይደለም። ብልህ ነበር፤ ያስተማረኝንም አልክድም። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ለሥራው ገንዘብ የሚሰጡ እንግዶች ሊመጡ ሆነ። ዶክተሩ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ እንዲያዩን አልፈለገም። ሜዳ ላይ፣ ከብትና ገበሬ መካከል ሆነን እንድንታይ ፈለገ። ክትባቱ በግቢያችን ጥቂት ጥጆች ላይ ተሞክሮ እንደማይጎዳ ታውቆ ስለነበር፣ የመጀመሪያው የመስክ ሙከራ ፎገራ ይሁን አለ። የአንቺ አገር ነው፣ ገበሬው የአንቺን ቃል ይሰማል አለኝ። ኮራሁ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ወረታ ወርጄ በቀጥታ የሄድሁት የእናቴ ወንድም አያ ሞላ ዘንድ ነው። ቤታቸው ሜዳው ወደ ባሕር በሚወርድበት በኩል ነው፤ እኛ ጣናን ባሕር ነው የምንለው። ባጃጁ እስከሚችለው ወሰደኝና የቀረውን በእግሬ ሄድሁ። የግንቦት መግቢያ ነው። ጥቁሩ የመረሬ መሬት እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል፤ ወንዙ ዳር ብቻ የውሃ መሳቢያ ሞተር እየጮኸ አረንጓዴ የሽንኩርት መደብ ይታያል። ክረምት ሲገባ ይኸው ሜዳ በውሃ እንደሚሸፈን ላላየው ሰው ቢነግሩት አያምንም።

አያ ሞላ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው። ጥጆቹን ጨምሮ አሥራ አንድ ከብት ነበራቸው፤ ሁሉም የፎገራ ዘር፣ ነጭና ጥቁር ዥጉርጉር። ከላሞቹ ዥግሬ የምትባለውን እንደ ሰው ነበር የሚያዋሯት። በዚያ ወቅት የአገሩ ከብት የሚውለው ባሕሩ ሲሸሽ በሚተወው ለምለም ሣር ላይ ነው፤ ሽሽት ይሉታል። የአያ ሞላ ከብቶች ግን ደጅ ታስረው የሩዝ ጭድ ይበላሉ፤ ጎድናቸው ይቆጠራል። ምነው ብላቸው፣ ይፋግ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል አፍተግር ገብቷል እያለ እንደሚያወራ ነገሩኝ። ሽሽቱ የሁሉ ከብት የሚገናኝበት ስለሆነ እስኪጣራ ድረስ አልለቅም ብለው ነው።

የሩዝና የጤፍ ቅልቅል እንጀራ በእርጎ አቀረቡልኝ። እየበላሁ ሥራዬን አስረዳኋቸው። ቅርፊቱን ከአገልግል ጋር አመሳሰልሁት፦ አገልግሉ ያው ነው፣ የሚቀያየረው ውስጡ የሚቋጠረው ምግብ ነው፣ መንገድ ቢረዝም ፀሐይ ቢበረታ አይበላሽም። አያ ሞላ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ምግቡ እንዳለበት በምን ታውቃላችሁ? ተከድኖ አይደል የሚሄደው?»

«ከፍተን እናያለን፣ አያ ሞላ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ሳምንት ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ አሳምነው ከብቶቻቸውን እንዲያመጡ አደረጉ። የእህቴ ልጅ የሠራችው ነው እያሉ ነበር አሉ።

እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሼ ለዝግጅቱ የተመረተውን ከፍቼ አየሁ። ቅርፊቱ ሲፈታ፣ ፕሮቲኖችን በየመጠናቸው በሚለየው ምርመራ ላይ ሁለት መስመር መታየት አለበት፤ አንዱ የቅርፊቱ፣ ሌላው የጭነቱ። የታየው አንድ መስመር ብቻ ነው። ደገምሁት፤ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜም ያው ነው። ለብዙ ከብት የሚበቃ ለማምረት በተቸኮለ ጊዜ ጅራቱ ተቆርጦ ወድቋል። ቅርፊቶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ያማሩ፣ ክብ፣ እንከን የሌላቸው ናቸው። ውስጣቸው ግን ባዶ ነው።

የውጤቱን ወረቀት ይዤ ዶክተሩ ዘንድ ገባሁ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አየው። ባዶ ከሆነ ከብቱን ይጎዳ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደማይጎዳ ነገርሁት።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ይህ ለማሳያ ነው። ትክክለኛውን ከክረምት በኋላ እንወጋላቸዋለን።»

«ገበሬዎቹ ግን ከብታችን ተከተበ ብለው ያምናሉ።»

«እንግዶቹ የሚመጡት አንድ ጊዜ ነው» አለኝና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ለምን ዝም እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፈራሁ፤ አንዱ ይህ ነው። ሌላው ደግሞ የባሰ ነው፦ ትንሽ አመንሁት። አይጎዳም የሚለውን ቃል ከራሴ አፍ ስለሰማሁት ይሆናል።

በዕለቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። ከብቱ ከየአቅጣጫው አቧራውን እያስነሣ መጣ። ዶክተሩ ማይክሮፎን ይዞ፣ ከዛሬ ጀምሮ አፍተግር ለእናንተ ወሬ ብቻ ይሆናል አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የእንስሳት ጤና ሠራተኞች መውጋት ሲጀምሩ የአያ ሞላ ተራ ደረሰ። እሳቸው ግን ሠራተኛውን በትሕትና መለሱትና እኔን ፈለጉ። የአንችን እጅ ነው የምፈልገው አሉኝ። መርፌውን ተቀብዬ አንድ በአንድ ወጋኋቸው። ዥግሬን ስወጋት አያ ሞላ ግንባሯን ይዘው ነበር።

ከዚያ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ ሽሽቱ ላይ ብለቃቸው ምንም አይሆኑም፣ ልጀ?»

ዶክተሩ አሥር እርምጃ ርቆ ከእንግዶቹ ጋር ይስቃል። የአያ ሞላን ፊት አየሁ።  ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

በዚያው ዕለት ለምሳ ሐይቁ ዳር ወስደውን ጥብስ ዓሣ አቀረቡልን። እሾሁን እየለቀምሁ ተቀመጥሁ እንጂ አልበላሁም። ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ሥራ ገብቼ ወጣሁ። በየቀኑ ወረታ ልደውል ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ወሬው ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ይሆናል፣ ዝናቡ ቶሎ ይመጣና ከብቱ ከሽሽቱ ይወጣ ይሆናል እል ነበር። በዘጠነኛው ቀን አባቴ ደወሉ። አባቴ ስልክ ላይ ሰላምታ የሚያረዝሙ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ከሰላምታቸው አስቀድመው የአያ ሞላ ሁለት ጥጆች መሞታቸውን ነገሩኝ።

በማግስቱ በማለዳ ወደ ወረታ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ ሐሙሲት ሾፌሩ ቁርስ ሊበላ ሲቆም ወርጄ በእግሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። አያ ሞላ ደጅ ስደርስ ከብቶቹ አፋቸው አረፋ ደፍቆ፣ ኮቴያቸው ቆስሎ፣ አንዱን እግር እያነሡ ሌላውን ይጥላሉ። በሬዎቹ ሁለቱም ተኝተዋል። ዥግሬ ጡቷ ደርቆ በግርግሙ ሥር ቆማለች። የጎረቤቶቹም እንዲሁ ነው። ሽሽቱ ላይ ያልለቀቀ የለም፤ ሁሉም ተከትቧል ብሎ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ በዋዜማው ጥሏል። መሬቱ ለሩዝ የሚታረስበት ሳምንት ነው፤ የሚያርስ በሬ የለም።

አያ ሞላ እጄን ይዘው፣ አንችም ደክመሽበት ነበር፣ ምን ታደርጊዋለሽ አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር፤ አልቻልሁም። ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መስመሩን፣ ወረቀቱን፣ ኪስ መግባቱን፣ ራሴን መነቅነቄን። አባቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱ ንገሪ» አሉ። 

እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ አባቴ ሰዉን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አስቀመጡትና ልጄ የምትነግራችሁ አላት ብለው እሳቸውም ተቀመጡ። ቆሜ ተናገርሁ። መርፌው ባዶ እንደነበር፣ ይህንን ከሁለት ቀን በፊት እንደማውቅ፣ ለኃላፊዬ ነግሬ ለማሳያ ነው እንደተባልሁ፣ ዝም እንዳልሁም። ሰው እንዲጮህብኝ ፈልጌ ነበር። ማንም አልጮኸም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መቀነቷን አጥብቃ አስራ፣ ዘወር ሳትል ወደ ቤቷ ሄደች። አያ ሞላ ተነሥተው ወደኔ መጡ።

«ያን ቀን ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አያ ሞላ።»

መሬቱን ትንሽ አዩት። ከዚያ በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ከሐሙሲት በኩል ያሉ ዘመዶች ጥንድ በሬ ለአምስት ቀን አመጡላቸው። የመሬታቸውን ግማሽ ዘሩ፤ ግማሹ ዳዋ በላው። ባሏ የሞተባት ሴት ግን በሬ የሚያመጣ ዘመድ አልነበራትም። በዚያ ዓመት ምን እንደበላች አልጠየቅሁም፤ ለመጠየቅ ፊቱ አልነበረኝም።

ቁጣ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ሰኞ ዕለት ወደ ሥራ ስመለስ ነው። እስከዚያ ኀዘንና እፍረት ነበር። ዶክተሩ ክፍል ስገባ ለእንግዶቹ የሚላከው ዘገባ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የምነግረውን እየሰማ ገጹን ገልጦ አሳየኝ፤ ከተወጉት ከብቶች በክትባቱ ምክንያት የተጎዳ አንድም የለም ይላል። ውሸት እንኳ አልነበረም። ያበገነኝ ይኸው ነው። ቃል በቃል እውነት ነበር፤ ባዶ ነገር አይጎዳም። ከፎገራው ሜዳ የተነሣውም ፎቶ አለ፤ እኔ መርፌ ይዤ፣ አያ ሞላ የላሚቱን ግንባር ይዘው። ፎቶውን ከዘገባው እንዲያስወግደው ነገርሁት። ስሜታዊ ሆነሻል፣ ጥቂት ቀን ዕረፍት ውሰጂ አለኝ።

ዕረፍቱን አልወሰድሁም። የአንዱን መስመር ምስልና ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ለእንግዶቹ ላክሁ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ስለ መልእክትሽ እናመሰግናለን፣ ለሥራው ኃላፊ አስተላልፈነዋል የሚል። ውሌ ሲያልቅ አልታደሰም። ዶክተሩ ግን ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ፤ ትክክለኛውን ክትባት ይዞ ፎገራ የተመለሰ ማንም የለም።

እኔ ሥራውን አልተውሁትም። ሌላ ቦታ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር፣ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኝ የማይቆረጥ ጅራት ሠርቻለሁ። ቅርፊቱ ዛሬ ጭነቱን ይይዛል፤ ገና በሙከራ ላይ ነው። ሰዎች ጥንቁቅ ናት ይሉኛል። ጥንቃቄ አይደለም። እያንዳንዱን ምርት ከፍቼ ሳይ የሚመጣብኝ ንዴት ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት ዶክተሩን አንድ ስብሰባ ላይ አገኘሁት። ሸብቷል፤ እንደ ቀድሞ ወዳጅ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። የፎገራ ሰዎችሽ ደኅና ናቸው ወይ አለኝ። የአንዳቸውን ስም ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ልቤ የሚያርፈው ሲያፍር ሳየው ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንደማያፍርም ገባኝ። ይቅር ብለሽ ተገላገዪ የሚሉኝ አሉ። እኔን ብቻ ቢሆን የጎዳው ይቅር እል ይሆናል። የእነዚያን ሰዎች በደል ይቅር ለማለት ግን እኔ ማን ነኝ? እኔም እኮ በዳያቸው ነኝ። ስለዚህ ቁጣውን ይዤው እኖራለሁ፤ ግማሹ የእሱ ነው፣ ግማሹ የእኔ።

ባለፈው ጥር አያ ሞላን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። እንደ ዱሮው አቅፈው ሳሙኝ፣ ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከብቱን አሁን የሚይዘው ልጃቸው ነው፤ ራሱ የልጆች አባት ሆኗል። የወረዳው ክትባት ሰጪዎች በማግስቱ እንደሚመጡ አወራኝና የአሁኑ ክትባት ያስተማምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ልመልስለት ስል አያ ሞላ ቀደሙኝ።

«ስለ ከብት እሷን አትጠይቃት» አሉት።

አልተቆጡም፤ ነገሩን ለማስታወስ ያህል ነው ያሉት። ወዲያው ወደኔ ዞረው ልጆቼ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ጠየቁኝ። እኔም መለስሁ። ምሳ በላሁ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ወረታ መገንጠያው ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ እንባዬ መጣ። ሽንኩርት የጫኑ የጭነት መኪናዎች ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ይታጠፋሉ፤ ባጃጅ ይጮኻል፤ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ አለቅሳለሁ። ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት በኩባያ ውሃ አመጣችልኝና ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም አልኋት።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ተናድጄ ነው።»

ፊቴን አየችው። ከዚያ የተቀመጠችበትን ጆንያ ወደኔ ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሚኒባሱ እስኪመጣ ጎን ለጎን ተቀመጥን።